ቶማስ ቤይዝ ማን ነበር? የቄሱ ቤተሰብ፣ ሕይወትና ከሞተ በኋላ የታተመው ስሌት

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲወራ አንድ ስም ደጋግሞ ብቅ ይላል። ስለ ሕክምና ምርመራ ውጤት ሲጻፍም፣ ኢሜይላችን ስፓሙን፣ ማለትም ያልተፈለገውን መልእክት፣ ከደህናው እንዴት እንደሚለይ ሲብራራም ያው ስም ይመጣል፦ ቤይዝ። ብዙ ሰው የዘመናችን የኮምፒውተር ሊቅ ይመስለዋል። ቶማስ ቤይዝ ግን ከሞተ ከ260 ዓመት በላይ ሆኖታል። እንጀራው ስብከት ነበር። በአንዲት አነስተኛ የእንግሊዝ ከተማ የፕሬስቢቴሪያን ቄስ ሆኖ አገለገለ። ስሙን እስከ ዛሬ ያስጠራውን ጽሑፍ ደግሞ በሕይወቱ አላሳተመውም።

ስሌቱን ብቻ ማስረዳት ይቻላል። ብዙዎችም እንደዚያ ያደርጋሉ። እኔ ግን ሰውየውና ስሌቱ አብረው ቢነገሩ ይሻላል ባይ ነኝ። ቤይዝ የተማረበት ቦታ፣ ያገለገለባት ቤተክርስቲያን፣ ጽሑፉን ከመሳቢያ ያወጣለት ወዳጅ፣ እነዚህ ሁሉ ከአንድ ነገር ጋር ይያያዛሉ። ቤተሰቡ ከመንግሥቱ ሃይማኖት ውጪ ነበር። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

## ፕሬስቢቴሪያኖች እነማን ናቸው?

ፕሬስቢቴሪያን ጳጳስ የሌለው የፕሮቴስታንት ክንፍ ነው። ቤተክርስቲያኑን የሚመሩት ቄሶችና ከምእመናን መካከል የተመረጡ ሽማግሌዎች አብረው ተቀምጠው ነው። ትምህርቱ ከጆን ካልቪን ይመዘዛል፤ ከሁሉም በላይ ሥር የሰደደው ስኮትላንድ ውስጥ ነው። እኛም አገር ቅርንጫፉ አለ። በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር የተዋሐደችው የቤተል ቤተክርስቲያን መነሻዋ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ነገሩ ሌላ ነበር። እዚያ የቤተክርስቲያኑ የበላይ ንጉሡ ነው፤ ከሥሩ ጳጳሳት አሉ። በ1662 አንድ ሕግ ወጣ። ማንኛውም አገልጋይ በጳጳስ እጅ መሾም አለበት፤ የመንግሥቱን የጸሎት መጽሐፍም ሙሉ በሙሉ መቀበል አለበት የሚል። ወደ 2,000 የሚጠጉ አገልጋዮች እምቢ ብለው ከየደብራቸው ወጡ፤ ቤታቸውንም ደመወዛቸውንም አጡ። እነሱና ተከታዮቻቸው “ዲሴንተር” ተባሉ፤ ከመንግሥቱ ቤተክርስቲያን ያፈነገጡ ለማለት። ከተባረሩት አንዱ ሳሙኤል ቤይዝ ነው፤ የቶማስ አባት አጎት።

በ1689 ዲሴንተሮች በየራሳቸው ጸሎት ቤት እንዲያመልኩ ተፈቀደ። መብቱ ግን ሙሉ አልነበረም። የመንግሥት ሹመት በሕግ የሚሰጠው ከመንግሥቱ ቤተክርስቲያን ለሚቆርብ ሰው ነበር። ኦክስፎርድ ለመግባት፣ ከካምብሪጅ ደግሞ ለመመረቅ የዚያችን ቤተክርስቲያን የእምነት አንቀጾች ተቀብሎ መፈረም ግድ ነበር። ዲሴንተር ደግሞ አይፈርምም።

## ቤተሰቡ ከየት መጣ?

ቤይዞች የሼፊልድ ሰዎች ናቸው። ሼፊልድ የቢላዋና የመቀስ ከተማ ናት፤ ቤተሰቡም ሀብት ያፈራው በዚሁ ሙያ ነው። የቶማስ ቅድመ አያት ሪቻርድ ቤይዝ በ1643 የአካባቢው የቢላዋ ሠሪዎች ማኅበር አለቃ ሆኖ ነበር። ይህ ሹመት በከተማዋ ትልቅ ክብር ነው።

አባቱ ጆሹዋ ቤይዝ በ1671 ተወለደ። እሱ የመረጠው ክህነቱን ነው። በ1694 ለንደን ውስጥ ከሌሎች ስድስት ወጣቶች ጋር ተሾመ፤ ያውም በአደባባይ። ከ1662ቱ ሕግ ወዲህ ለንደን ላይ ዲሴንተሮች በግልጽ ቄስ ሲሾሙ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ጆሹዋ በኋላ ሆልበርን በሚባለው ሰፈር፣ ሌዘር ሌን ላይ ባለች ጸሎት ቤት አገልጋይ ሆነ። የተከበረ ሰባኪ ነበር። ታዋቂው የመጽሐፍ ቅዱስ ማብራሪያ ጸሐፊ ማቲው ሄንሪ ሥራውን ሳይጨርስ ሲሞት፣ የገላትያን መልእክት ማብራሪያ እንዲጽፍ የተመረጠው እሱ ነው።

ጆሹዋ ከሚስቱ ከአን ካርፔንተር ሰባት ልጆች ወለደ። በኩሩ ቶማስ ነው፤ የተወለደው በ1701 አካባቢ።

ቤተሰቡ ደሃ እንዳልነበር ልብ ይባልልኝ። የተገፋ ሃይማኖት ሲባል የተቸገረ ሰው ይታሰበናል። ዲሴንተሮች ግን ከሹመት ሲከለከሉ ወደ ንግድና ወደ እጅ ሥራ ዞሩ፤ ብዙዎቹም ተሳካላቸው። የቤይዝ ቤተሰብ ሀብትም በኋላ ቶማስን ጠቅሞታል። ለኑሮ ሳይጨነቅ ሒሳብ ላይ መቀመጥ የቻለው ገንዘብ ስለነበረው ነው።

## የለንደን ልጅ ስለምን ኤድንብራ ሄደ?

ቶማስ በ1719 ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ከለንደን ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የፈረስና የመርከብ ጉዞ ነው። ከእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ግን መመረቅ አይችልም ነበር። ስኮትላንድ ውስጥ የአገሪቱ ቤተክርስቲያን ራሷ ፕሬስቢቴሪያን ስለሆነች እምነቱ ከበር አይመልሰውም። እዚያ ሎጂክና ነገረ መለኮት ተማረ።

ከተመለሰ በኋላ ለንደን ላይ አባቱን ይረዳ ጀመር። በ1730ዎቹ ደግሞ ከለንደን ደቡብ ምሥራቅ ወደምትገኘው ወደ ተንብሪጅ ዌልስ ተዛወረ። ከተማዋ ብረት ባለው የማዕድን ውሃዋ የታወቀች ናት። ባላባቱ፣ ሐኪሙ፣ ነጋዴው፣ ሁሉም በጋ በጋውን ውሃዋን ሊጠጣ ይመጣል። ቤይዝ ማውንት ሳየን በምትባለው ጸሎት ቤት እስከ 1752 አገለገለ።

በሕይወት ሳለ ያሳተማቸው ሁለት ሥራዎች ናቸው፤ ሁለቱም ላይ ስሙ የለም። አንዱ በ1731 የወጣ ነው፤ እግዚአብሔር ፍጥረቱን የሚገዛው ፍጥረቱ ደስ እንዲለው ብሎ ነው የሚል። ሁለተኛው የሒሳብ ነው፤ በ1736 ወጣ። የዚህኛው ታሪክ ደስ ይላል። ጳጳሱ ጆርጅ በርክሊ ከሁለት ዓመት በፊት የሒሳብ ሊቃውንትን ክፉኛ ተችቶ ነበር። ሃይማኖትን “ማረጋገጫ አምጡ” ትላላችሁ፤ የኒውተን ካልኩለስ (የለውጥን ፍጥነት የሚያሰላው ሒሳብ) ግን ራሱ አንዴ አለ፣ አንዴ የለም በምትሉት ቁጥር ላይ ነው የቆመው አላቸው። ቤይዝ ለኒውተን ተከራከረ። እንግዲህ ጳጳሱ የሒሳብን መሠረት ሲነቅፍ ቄሱ ለሒሳብ ጥብቅና ቆመ ማለት ነው። በ1742 የእንግሊዝ ሊቃውንት ማኅበር፣ ሮያል ሶሳይቲ፣ አባል አደረገው።

ካምብሪጅ ላይ የኒውተንን ወንበር የወረሰው ዊልያም ዊስተን በ1746 ተንብሪጅ ዌልስ መጥቶ ከቤይዝ ጋር ቁርስ በልቶ ነበር። ዊስተን በማስታወሻው ላይ ቤይዝን በጣም ጎበዝ የሒሳብ ሰው ይለዋል። በዚያው ዓመት አባቱ ጆሹዋ ሞተ። ቶማስ አላገባም፣ ልጅም አልወለደም። ሚያዝያ 1761 እዚያው ተንብሪጅ ዌልስ አረፈ። የተቀበረው ለንደን፣ በንሂል ፊልድስ በሚባለው የዲሴንተሮች መካነ መቃብር፣ ከቤተሰቡ ጋር ነው። በ1969 የዓለም የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ገንዘብ አዋጥተው መቃብሩን አሳድሰውለታል።

ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው ፎቶውስ? ጥቁር ለብሶ ነጭ አንገትጌ ያደረገው ሰው ማለቴ ነው። ሥዕሉ ከቤይዝ ስም ጋር የመጣው በ1936 በታተመ መጽሐፍ ነው፤ የአለባበሱና የጸጉሩ ነገር ከዘመኑ ጋር ስለማይሄድ አጥኚዎች የእሱ መሆኑን አያምኑበትም።

## ታዲያ ስሌቱ ምን ይላል?

ከቤይዝ በፊት የነበረው የፕሮባቢሊቲ፣ ማለትም የዕድል ስሌት፣ ትምህርት ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ ነበር። ዳይሱን እናውቀዋለን፤ ስድስት ገጽ አለው። ከዚያ ተነስተን “ሁለቴ ቢወረወር ሁለቴም ስድስት የሚመጣበት ዕድል ስንት ነው?” እንላለን። ምክንያቱ ታውቋል፣ የምንፈልገው ውጤቱን ነው።

ቤይዝ ጥያቄውን ገለበጠው። ያየነው ውጤቱን ነው እንበል፤ ምክንያቱ ግን ተደብቋል። ካየነው ተነስተን ወደ ምክንያቱ መመለስ እንችላለን? በኑሯችን የሚገጥመን ባብዛኛው ይኼኛው ነው። ሐኪም የሚያየው ትኩሳቱን እንጂ በሽታውን አይደለም። ዳኛ የሚያየው ማስረጃውን እንጂ ድርጊቱን አይደለም።

ቤይዝ ራሱ ሐሳቡን ያስረዳው በጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛው ደልዳላ ነው፤ የተወረወረች ኳስ የትም ቦታ ላይ ልትቆም እኩል ዕድል አላት። ሐሳቡን ለመያዝ ጀርባችንን ለጠረጴዛው ሰጥተን ቆመናል እንበል። አንድ ሰው ኳስ ወረወረ፤ የት እንደቆመች አናውቅም። ከዚያ ሌላ ኳስ ደጋግሞ ይወረውራል። በየጊዜው የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ “ከመጀመሪያዋ በስተቀኝ” ወይም “በስተግራ”። ከ10 ውርወራ 8ቱ በስተቀኝ ከሆኑ፣ የመጀመሪያዋ ኳስ ወደ ግራው ጠርዝ ሳትጠጋ አትቀርም። ውርወራው በጨመረ ቁጥር ግምታችን እየጠበበ ይሄዳል። “እዚህች ነጥብ ላይ ናት” አንልም። “ከዚህ እስከዚህ ባለው መካከል የመሆን ዕድሏ ይህን ያህል ነው” እንላለን። ቤይዝ የሠራው ይህንን ዕድል በቁጥር የሚያወጣውን ስሌት ነው።

## በቁጥር ብናየውስ?

ስሌቱ ዛሬ በብዛት የሚጠቀስበትን ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹን ለሒሳቡ እንዲቀልሉ እኔ ነኝ የመረጥኳቸው።

አንድ በሽታ ከ1,000 ሰው 10 ሰው ላይ ይገኛል። ምርመራ አለው። ምርመራው በሽታው ካለባቸው 10 ሰዎች 9ኙን ያገኛል። በሽታው ከሌለባቸው 10 ሰዎች ደግሞ አንዱን በስህተት “አለብህ” ይላል። አሁን አንድ ሰው ተመርምሮ “አለብህ” ተባለ። በእርግጥ በሽታው ያለበት የመሆን ዕድሉ ስንት ነው?

ብዙ ሰው ሳያመነታ 90 በመቶ ይላል። እስቲ እንቁጠር። ከ1,000ው ውስጥ 10ሩ ታመዋል፤ ምርመራው 9ኙን ያገኛቸዋል። የቀሩት 990 ጤነኞች ናቸው፤ ከእነሱ 99ኙ በስህተት “አለባችሁ” ይባላሉ። ስለዚህ “አለብህ” የተባለው ሰው በጠቅላላው 108 ነው። ከ108ቱ የታመሙት 9 ብቻ ናቸው። ከ12 አንዱ ማለት ነው፤ 8 በመቶ ገደማ።

90 የመሰለን ነገር 8 ሆነ። ምርመራው ተበላሽቶ አይደለም። በሽታው ብርቅ ስለሆነ ጤነኛው በጣም ብዙ ነው። ከብዙ ጤነኛ ላይ የሚመጣው ትንሽ ስህተት ከጥቂት በሽተኛ ላይ ከሚገኘው ትክክለኛ ውጤት በለጠ። ሰዎች ስለ ምርመራ ውጤት ሲሳሳቱ የማየው እዚህ ጋ ነው፤ መነሻውን ይረሱታል። “በሽታው ስንት ሰው ላይ ነው ያለው?” ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ነገሩ ግን እዚህ አያበቃም። እነዚያን 108 ሰዎች ከመጀመሪያው ጋር በማይገናኝ ሌላ ምርመራ እንፈትሻቸው፤ የስህተቱ መጠን ያው ነው እንበል። ከታመሙት 9 ሰዎች 8ቱ፣ ከጤነኞቹ 99 ደግሞ 10ሩ ገደማ እንደገና “አለባችሁ” ይባላሉ። አሁን ዕድሉ ወደ 45 በመቶ ወጣ። ሦስተኛ ምርመራም “አለብህ” ካለ 88 በመቶ ይደርሳል። ከ1 ወደ 8፣ ከ8 ወደ 45፣ ከ45 ወደ 88።

የቤይዝ ዘዴ ይኼው ነው። መነሻ ግምት ይዘን እንገባለን። ማስረጃ ሲመጣ ግምታችንን እናርመዋለን፤ ማስረጃው የሚፈቅደውን ያህል ብቻ። የታረመው ግምት ለሚቀጥለው ማስረጃ መነሻ ይሆናል።

## ጽሑፉን ማን አወጣው?

ቤይዝ ሲሞት ዘመዶቹ ወረቀቶቹን እንዲያይላቸው ሪቻርድ ፕራይስን ጠየቁት። ፕራይስ ዌልስ ውስጥ በ1723 የተወለደ፣ ሰሜን ለንደን ኒውንግተን ግሪን ላይ የሚያገለግል የዲሴንተሮች ቄስ ነው። ቤይዝ በኑዛዜው ገንዘብ ትቶለታል። ፕራይስ ወረቀቶቹን ሲያገላብጥ ያንን ሥራ አገኘ። ሳይቸኩል አስተካከለው፣ መግቢያና ተጨማሪ ክፍል ጻፈለት፣ ከዚያ ለሮያል ሶሳይቲው ጆን ካንተን ላከው። ጽሑፉ ታኅሣሥ 23 ቀን 1763 በማኅበሩ ፊት ተነበበ። ቤይዝ ከሞተ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል።

ፕራይስ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገባውን ያህል አይነሳም፤ ይህ ይቆጨኛል። እሱ ባይኖር ወረቀቱ የቤተሰብ ሣጥን ውስጥ ሊቀር ይችል ነበር። በኋላም ሰዎች ስንት ዓመት እንደሚኖሩ እያሰላ የሕይወት መድን ድርጅቶችን አማክሯል። በ1776 ደግሞ ለአሜሪካውያን ነፃነት የሚከራከር ጽሑፍ አውጥቶ በሁለቱም አገር ስሙ ገነነ።

ቤይዝ ስሌቱን የሠራው ስለ ተአምራት ለጻፈው ለፈላስፋው ለዴቪድ ሒውም መልስ ለመስጠት ነው ሲባል ትሰሙ ይሆናል። ቤይዝ በጻፈው ክፍል ውስጥ የሒውም ስም የለም። ሃይማኖቱን ከስሌቱ ጋር በግልጽ ያገናኘው ፕራይስ ነው። ለካንተን በጻፈው ደብዳቤ ላይ በዓለም ላይ ካለው ሥርዓት ተነስቶ ፈጣሪ መኖሩን ለሚያስረዳው ክርክር ስሌቱ እንደሚያግዝ ተናግሯል።

ጽሑፉ ሲወጣ ብዙም ጆሮ አላገኘም። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፒየር ሲሞን ላፕላስ በ1774፣ ገና የ25 ዓመት ወጣት ሳለ፣ የቤይዝን ሥራ ሳያይ ወደዚያው ሐሳብ በራሱ መንገድ ደረሰ። ዛሬ ተማሪ የሚያውቀውን የቀመሩን ቅርጽ ያስያዘውም እሱ ነው። ከ1745 እስከ 1770 ፓሪስ ውስጥ 251,527 ወንዶችና 241,945 ሴቶች መወለዳቸውን ይዞ፣ ወንድ የመወለድ ዕድል ከግማሽ ይበልጣል ማለት እንደሚቻል አሰላ። መልሱ እርግጠኛ ለመሆን ትንሽ የቀረው ሆነ።

## ለምን ብዙ አከራከረ?

ጠቡ ያለው መነሻው ላይ ነው። በምርመራው ምሳሌ መነሻውን እናውቀው ነበር፤ ከ1,000 ሰው 10። መነሻው ባይታወቅስ? ከየት እናመጣዋለን? እኔ 5 በመቶ ብል፣ ሌላው 50 ቢል ማን ይዳኘናል? ይህን ጥያቄ ያነሱት ቀላል ሰዎች አይደሉም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሮናልድ ፊሸር የሚያህል የስታቲስቲክስ ሊቅ ዘዴውን አጥብቆ ተቃውሞታል። ሳይንስ የአጥኚው የግል ግምት ሊገባበት አይገባም ይሉ ነበር። ደጋፊዎቹ ደግሞ ማንም ሰው ያለ ግምት አይነሳም፤ ልዩነቱ ግምቱን በግልጽ መጻፍና አለመጻፍ ነው ይላሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። በቂ ማስረጃ ሲከማች የተለያየ መነሻ የያዙ ሰዎች ግምት እየተቀራረበ ይመጣል።

አንድ መነሻ ግን በምንም አይታረምም፤ ዜሮ። አንድ ነገር “በፍጹም አይሆንም” ብለን ዜሮ ከሰጠነው፣ የፈለገ ማስረጃ ቢመጣ ስሌቱ ዜሮ ሆኖ ይቀራል፤ ዜሮ በምንም ቢባዛ ዜሮ ነው። እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ዴኒስ ሊንድሊ ከዚህ እንድንጠነቀቅ የሚለውን ደንብ በእንግሊዙ የጦር መሪ በኦሊቨር ክሮምዌል ስም ሰየመው። ክሮምዌል በ1650 ከጦርነት በፊት ለስኮትላንድ ቤተክርስቲያን ጉባኤ ደብዳቤ ጽፎ፣ ልትሳሳቱ እንደምትችሉ አስቡ እባካችሁ ብሎ ለምኗቸው ነበር። ደብዳቤው የተጻፈላቸውም ፕሬስቢቴሪያኖች ናቸው።

## ዛሬ የት ይሠራል?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግና ባልደረቦቹ የጀርመንን ምስጢራዊ መልእክት ሲፈቱ በዚህ ዘዴ ተጠቅመዋል። የስፓም ማጣሪያ በአንድ መልእክት ውስጥ ያሉትን ቃላት እያየ መልእክቱ ስፓም የመሆን ዕድሉን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ከሁሉም ግን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው የአንድ አውሮፕላን ፍለጋ ነው።

ሰኔ 1 ቀን 2009 ከሪዮ ዲ ጄኔሮ ወደ ፓሪስ ይበር የነበረው የኤር ፍራንስ 447 አውሮፕላን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ወደቀ። 228 ሰዎች ሞቱ። ጥቁር ሣጥኖቹ ውሃ ውስጥ ሲገቡ ለ30 ቀን ያህል ድምፅ እንዲያሰሙ የተሠሩ ናቸው። መርከቦች ማዳመጫ እየጎተቱ አካባቢውን አሰሱ፤ ምንም አልተሰማም። ስለዚህ አውሮፕላኑ መጨረሻ በታየበት ቦታ ዙሪያ ያለው ውሃ “እዚህ የለም” ተብሎ ታለፈ። ፍለጋው ወደ ሌላ ዞረ፤ ሁለት ዓመት ሊሞላ ደረሰ።

በ2011 ሜትሮን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ባለሙያዎች ማስረጃውን በሙሉ በቤይዝ ዘዴ እንደገና አሰሉት። አውሮፕላኑ መጨረሻ የላከው ቦታ፣ የቀደሙ አደጋዎች ታሪክ፣ ያልተሳኩት ፍለጋዎች፣ ሁሉም ገቡ። አንድ ጥያቄም ጨመሩ፦ ድምፅ ሰጪዎቹ ሁለቱም በአደጋው ተበላሽተው ቢሆንስ? ይህ ሲታሰብ “አልተሰማም” የሚለው ማስረጃ ክብደቱ ቀለለ። ታልፎ የነበረው ውሃ ዕድሉ እንደገና ከፍ አለ። አዲሱ ፍለጋ ከዚያ ጀመረ። አንድ ሳምንት ገደማ ቢሆነው፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2011፣ ስብርባሪው 3,900 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ተገኘ። በቀጣዩ ወር ሁለቱም ጥቁር ሣጥኖች ወጡ፤ አደጋው እንዴት እንደደረሰ የታወቀውም ከእነሱ ነው።